እጅ የማይነካው ዕጣ

ዕጣው ሊወጣ ግማሽ ቀን ሲቀረው ባይቶይ ዓመቱን አየችው።

ስልክ የምትጠግንበት ሱቋ ውስጥ ተቀምጣ፣ ማምሻውን በቤተ መቅደሱ ግቢ በትልቁ ስክሪን ላይ የሚታየውን ነገር ታሰናዳ ነበር። ውሉ የሚከፈትበት ቀን ትክክል ነው። ወሩም ትክክል ነው። ዓመቱ 2568 ይላል። መጀመሪያ ምንም አልተሰማትም፤ ምን ይሰማታል? ከጀርባዋ የተሰቀለው ካላንደር 2568 ይላል፣ መታወቂያዋ የሚቆጥረው በዚሁ ነው፣ የታሸገው ወተት እንኳ የሚበላሸው በ2568 ነው። ከቡድሃ ዕረፍት ጀምረን ስንቆጥር እኛ የባን ዶን ካኢ ሰዎች የደረስንበት ዓመት ይኸው ነው።

ውሉ ግን የሚኖረው ባን ዶን ካኢ አይደለም። በዓለም ዙሪያ በተበተኑ እልፍ ኮምፒውተሮች ላይ የተጻፈ ፕሮግራም ነው፤ እነሱ ደግሞ ዘንድሮን 2025 ነው የሚሉት። የራሱ የዘመን አቆጣጠር ያለው ሕዝብ ሁሉ አንድ ቀን የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው። እኛ የወደቅነው የመላውን ገበያ ገንዘብ ታቅፈን መሆኑ ነው ልዩነቱ።

ባይቶይ ቀነሰች። አምስት መቶ አርባ ሦስት ዓመት።

ነገሩ የተጀመረው ከሲያ ሄንግ ለመገላገል ነበር። ሲያ የምንለው ገንዘብ ያለውን ሰው ነው፤ ሄንግ ደግሞ የበረዶ ፋብሪካና፣ ከፋብሪካው ኋላ፣ የድብቅ ሎተሪ አለው። ገበያችን ከአያት ጀምሮ የሚጫወተው እሱና አባቱ ዘንድ ነበር። ሄንግ ብዙ ሰው በሕልሙ ያየውን ቁጥር «ተዘግቷል» ብሎ አይሸጥም፤ ሳይዘጋው የወጣበት ቀን ደግሞ ልቡን ያመውና ሆስፒታል ይተኛል፣ ንዴታችን ሲበርድ ይድናል። ሐኪሞቹ እስካሁን የልቡን በሽታ አላገኙትም፤ እኛ ልቡን ራሱን አላገኘነውም።

ባይቶይ እንግዲህ ሰው የማይነካው ዕጣ ይዛ መጣች። ሕጉ ስለ ሎተሪ የሚለውን ስለምናውቅ ሎተሪ ብለን አልጠራነውም፤ «የጣሪያ እድሳት መዋጮ» ነው፤ ከአሥር አንዱ እጅ ለቤተ መቅደሱ ጣሪያ ይሄዳል። ቁጥር በስልክ ትገዛለህ፣ ባት የምንለው የአገራችን ገንዘብ ወደ ክሪፕቶ፣ ወደ ኢንተርኔት ገንዘብ፣ ተለውጦ ውሉ ውስጥ ይገባል፣ ስንት እንደተጠራቀመና የትኛው ቁጥር እንደተሸጠ ማንም ያያል። የሚያሸንፈው ቁጥር የሚገኘው ቀኑ ሲደርስ ሰንሰለቱ በምንለው፣ እነዚያ ኮምፒውተሮች በሚጋሩት ግልጽ መዝገብ ላይ ከሚወለደው የቁጥር ማኅተም ነው፤ ያን ማኅተም አስቀድሞ የሚያውቅ ፍጡር የለም። ያሸነፈው ሰው ስልክ እንደ አውራ ዶሮ ይጮሃል። ካናቴራም አሳትመን ነበር፦ «እጅ አይነካውም»።

ፕሮግራሙን የጻፈው ባንክ ነው። ባንክ ተቋም አይደለም፣ ሰው ነው፤ እናቱ ስታረግዘው ሀብታም እንዲሆን ተመኝታ ያወጣችለት የቤት ስም ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኮምፒውተር ተምሯል፣ ተመርቆ መጥቶም በእናቱ ቤት ያለውን ኩሬ ሲጠብቅ ኖሯል። «ገንዘብህ የት ነው?» ሲባል «ባንክ ጋ» ብሎ መሳቅ የገበያው ልማድ ሆነ።

ውሉ አንድ ቁልፍ ነበረው፤ አሥራ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት በተርታ። ቃላቱን የያዘ ሰው የውሉን ቀን መለወጥ ይችላል፣ ከፈለገም ሁሉንም ጠርጎ መውሰድ። ስለዚህ ቁልፉ መሞት ነበረበት። ቃላቱ የተጻፉበትን ወረቀት በትንሽ ሣጥን አድርገን፣ ግቢው ውስጥ ባለው የአስከሬን ማቃጠያ፣ በወጉ አቃጠልነው። መነኮሳቱ ጸለዩ፣ እያንዳንዳችን የወረቀት አበባ ጣልን፤ የባይቶይ አክስት ፓ ቡንሉአን፣ ፓ አክስት ማለት ነው፣ አለቀሰች፤ ለምን እንደሆነ ስትጠየቅ «ጭስ ሳይ እንባዬ ይመጣል» አለች። ፓ ቡንሉአን ዶሮ ጠብሳ የምትሸጥ ናት፤ ባይቶይን ያሳደገች እሷ ናት፤ የገበያውን ሴቶች ሁሉ አሳምና ከሲያ ሄንግ ያስኮበለለችም እሷው ናት። «የኔ ልጅ ካለች አለች ነው» እያለች።

ያችው ልጅ አሁን ሞተር ሳይክሏን አስነስታ ወደ ባንክ ቤት በረረች።

ባንክ የመረብ አልጋ ላይ ተንጋሎ የሚያጣብቅ ሩዝ በእጁ እየጠቀለለ ይበላ ነበር። ስልኳን አፍንጫው ሥር አስጠጋችለት። አየ። እንደሷው መጀመሪያ ምንም አልተሰማውም። ከዚያ ሩዙ ከእጁ ወደቀ።

«ፒ ባንክ» አለችው። ፒ ታላቅ ወንድም ማለት ነው፤ ድምፁን ወደ ላይ ከሳቡት ግን የሞተ ሰው መንፈስ ይሆናል። ባይቶይ የዚያን ቀን የቱን እንዳለች እስካሁን እንከራከራለን።

ባንክ ካላንደሩን አይቶ እንደጻፈው፣ ሰው ሁሉ ካላንደሩን አይቶ እንደሚጽፍ፣ ደጋግሞ ነገራት። ሊታረም ይችል እንደሆነ ጠየቀችው። ሩዙን ከመሬት ለቀመ። ከቁልፉ በቀር በምንም እንደማይታረምና ቁልፉ ደግሞ መቃጠሉን ራሷ ተናገረች። ባንክ ጀርባውን ማከክ ጀመረ።

«ቅጂ አለህ» አለች።

«ወረቀቱን በእውነት አቃጥያለሁ።»

«ቅጂ አለህ፣ ፒ።»

ካናቴራውን አወለቀ። ጀርባው ላይ ያለውን ንቅሳት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በጥንት የክመር ፊደል የተጻፈ፣ ከጥይትና ከእባብ ይጠብቃል የሚባለው ዓይነት። ፓ ቡንሉአንማ ቁጥር ልትገዛ ስትል መጀመሪያ እሱን በመዳፏ ታሻሽ ነበር። አሥራ ሁለት መስመር ነው። ባይቶይ እስከዚያች ቅጽበት ቆጥራው አታውቅም።

ሊሰርቅ አስቦ እንዳልሆነ ማለላት። ቅጂ ሳታስቀምጡ ምንም አታጥፉ ብለው ነው ያስተማሩት፤ ስልክ ይሰረቃል፣ ወረቀት ምስጥ ይበላዋል፣ ጀርባን ማን ይሰርቃል? ሌላ አውራጃ ሄዶ ለነቃሹ ቃላቱን አንድ በአንድ አንብቦለታል፤ ነቃሹ የሩቅ አገር ጸሎት መስሎት በጥንቱ ፊደል ጽፎለታል። አሁን ባንክ ቃላቱን አያስታውስም፣ ፊደሉን አያነብም፣ ጀርባውንም አያይም። ከዚህ የበለጠ የተጠበቀ ቁልፍ በዓለም ላይ እንደሌለ ሊያስረዳት ጀምሮ ፊቷን አይቶ ተወው።

ወደ ነቃሹ በድብቅ ሄደው፣ አስነብበው፣ ቀኑን ለውጠው ሊመለሱ እንደሚችሉ ሐሳብ አቀረበ። ባይቶይ አሰበችበት፤ አላሰበችበትም ብዬ አልዋሽም። ግን ሰንሰለቱ ሁሉን ያሳያል፤ ለዚያ ነበር የመረጡት። የሲያ ሄንግ የወንድም ልጅ ሥራ ፈትቶ ቀኑን ሙሉ ውሉ ላይ አፍጥጦ ነው የሚውለው። ቀብሩን ያየነው ቁልፍ ተነሥቶ ሲሄድ በሰዓቱና በደቂቃው ያየዋል። «እንግዲያውስ ዝም እንበል» አለ ባንክ፤ ኢንተርኔት ተበላሸ ብለው ጥቂት ጊዜ ሊገፉ ይችላሉ።

«አክስቴን ምን ልበላት? ሰባት ጊዜ ሞተሽ ተወለጂና ያኔ ተመለሺ?»

ባንክ ካናቴራውን ከመሬት አነሣ።

«ልበስ» አለችው። «አይ፣ ተወው። እጅህ ላይ ያዘው።»

ፀሐይዋ ወደ ሜኮንግ ወንዝ ማዶ ስታዘቀዝቅ ግቢው ሞልቶ ነበር። የቀይ ፕላስቲክ ወንበሮቹ አልቀው ሰው ምንጣፍ ላይ፣ ሞተር ሳይክል ላይ፣ የጣሪያው እድሳት ሸክላ ክምር ላይ ተቀምጧል። የረጅም ከበሮ ጓዱም ዕጣው ሲወጣ ሊመታ ተዘጋጅቷል። ፊት ለፊት፣ ማንም ሳይጠራው፣ ሲያ ሄንግ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ወር ሙሉ «ያጭበረብሯችኋል» ሲለን ከርሞ፣ ስንጭበረበር ለማየት መጥቶ ነው።

ባይቶይ ማይኩን ያዘች። ሰላም አላለችም።

ሁለት ነገር እንደምትናገር፣ ሁለቱንም እስክትጨርስ እንዲታገሷት ለመነች። አንደኛ፣ ዓመቱ በኛ አቆጣጠር ስለተጻፈ ዕጣው ዛሬ አይወጣም። የሚወጣው ከአምስት መቶ አርባ ሦስት ዓመት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ማንም ገንዘቡን ማውጣት አይችልም።

ዝም አልን። ሰው ሲናደድ እንዲህ ዝም አይልም፤ ሰው እንዲህ ዝም የሚለው ሲያስብ ነው። ከኋላ አንዲት ድምፅ «ስንት አልሽ?» አለች።

«አምስት መቶ አርባ ሦስት።»

ሦስት አሃዝ። የተገለበጠ መኪና ታርጋ፣ የሞተ ጎረቤት ዕድሜ፣ የተሰነጠቀ እንቁላል ቅርጽ ቁጥር የሚሰጠን ሰዎች ነን፤ ይህንን ያህል ትልቅ መከራ ያለ ምክንያት ሦስት አሃዝ ይዞ አይመጣም። ስልኮች ከኪስ ወጡ። ሲያ ሄንግ የመልእክቱ ድምፅ እንደ በቆሎ ፍንዳታ ሲከታተልበት ስልኩን አየና ፊቱ ጠቆረ፤ ገና ገንዘባችን ሳይመለስ እሱው ዘንድ 543 እያስያዝን ነበር። ተነሥቶ ቁጥሩ መዘጋቱን አስታወቀ። የዚያን ምሽት መጀመሪያ የተጮኸው በሱ ላይ ነው፤ ባንክን ያዳነው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ምክንያቱም ባይቶይ ሁለተኛውን ተናገረች። ቁልፉ አልሞተም።

 ባንክ ወደ መድረኩ ወጥቶ ጀርባውን ሰጠን። ፓ ቡንሉአን ስትዳስሰው የከረመችውን ጀርባ አየች፣ መዳፏን አየች፣ መዳፏን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ከመካከላችን አንዱ ወደ አስከሬን ማቃጠያው ዞር ብሎ፣ ቁልፍ ማቃጠል ቀድሞም ያጸደቅነው ጉዳይ መሆኑን በለሆሳስ አስታወሰ። ማንም አልሳቀም። ሁለት ሦስት ወንበር ወደ ኋላ ተገፋ።

«ትናንት ማውጣት ይችል ነበር?» አለች ፓ ቡንሉአን።

«ይችል ነበር» አለች ባይቶይ።

«አወጣ?»

«አላወጣም። ሰንሰለቱን እዪው።»

«ሰንሰለቱን ተዪው፣ አንቺን ነው የጠየቅሁት።»

«አላወጣም፣ ፓ።»

ፓ ቡንሉአን ወንበር ገፍተው ወደ ቆሙት ጎረምሶች ዞራ፣ ቁጭ እንዲሉ፣ ዶሮ አስጠብሰው ያልከፈሉትን እያንዳንዳቸውን በስም እንደምታውቃቸው ተናገረች። ተቀመጡ። ከዚያ ያንን ጽሑፍ ማን ሊያነብ እንደሚችል ጠየቀች፤ መልሱን ግን ታውቀዋለች። የጥንቱን ፊደል የሚያነብ በአውራጃችን አንድ ሰው ነው፤ ሉአንግ ፖ፣ የቤተ መቅደሱ አለቃ፣ ያኔም በእርጅና ጥርሳቸው ሁለት ብቻ የቀረ።

እዚህ ላይ ነው ስለ ግልጽነት የተማርነው። ሁላችንም ካላየን አናምንም። ሁላችንም ከሰማን ግን ቁልፉ የሁላችንም ይሆናል፤ በዚያ ግቢ ደግሞ «ሁላችንም» ሲባል ሲያ ሄንግም አለበት። ማየት አለብን፣ መስማት የለብንም። ለረጅም ጊዜ ተከራከርን፤ ፀሐይዋ አልጠበቀችንም። በመጨረሻ የከበሮው ጓድ አለቃ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ከበሮውን አንሥቶ አንገቱ ላይ አጠለቀ።

ባንክ መድረኩ ላይ ተንበረከከ። ሉአንግ ፖ መነጽራቸውን አድርገው ከጀርባው ተቀመጡ። ሴት ልጅ መነኩሴ አጠገብ ጆሮዋን ልታስጠጋ ስለማይገባ ባይቶይ ክንድ ያህል ራቅ ብላ ተቀመጠች፤ ስልኳን ወደ ደረቷ አዞረች። ከበሮው ጀመረ። ጸናጽሉም ተንቃጨለ። የሉአንግ ፖን ከንፈር እናያለን፣ የባይቶይን አውራ ጣት እናያለን፣ ከዚህ በላይ አንዳች አንሰማም። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሠርግ የመሰለ ፍርሃት አይቼ አላውቅም።

አሥራ ሁለቱም ገቡ። ባይቶይ ስልኩን ነካች። ፊቷ ተለወጠ።

ስልኩ፣ ቁልፉ ስህተት ነው አለ።

ከበሮው ሳያቆም፣ ሉአንግ ፖ እንደገና አነበቡ፣ ጣታቸውን በየመስመሩ እያሳረፉ። እንደገና ስህተት። ሲያ ሄንግ ጀርባውን ወንበሩ ላይ አስደግፎ ፈገግ አለ። የወንዙ ማዶ ቀልቷል። ባንክ አንገቱን ደፍቶ ላቡ በጥንቱ ፊደል ላይ ይወርዳል፤ ከበሮ መቺዎቹ ደክመው ምታቸው መዘበራረቅ ጀመረ፤ አንዱ ከቆመ ሁሉም ይቆማል፣ ሁሉም ከቆመ ይሰማል። ባይቶይ በምልክት «አትቁሙ» አለቻቸውና ሦስተኛ ጊዜ እንዲያነቡላት እጆቿን አገናኝታ ለመነቻቸው። በዚህኛው አልጻፈችም። ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች።

ሰባተኛው ቃል ላይ ዓይኗን ገለጠች።

ኋላ ላይ፣ ቁልፉ ዋጋ ካጣ በኋላ፣ ነግራናለች። ሰባተኛው ቃል «ላይት» ነበር፤ በእንግሊዝኛ ብርሃን ማለት ነው። ትክክለኛ ቃል ነው፣ ከሚፈቀዱትም አንዱ ነው። ግን ለነቃሹ ቃላቱን ያነበበለት ባንክ ነው፤ ባንክ የኛው አገር ልጅ ነው፤ በኛ አገር አፍ ደግሞ «ረ» የለችም። እኛ ስንጠራት «ለ» ትሆናለች፤ የተማሩት በማይክ ፊት ብቻ ይጠነቀቁላታል። ባንክ «ራይት» የሚለውን፣ ቀኝ ማለት ነው፣ አንብቦ «ላይት» ብሏል፤ ነቃሹም የሰማውን በታማኝነት፣ በደም ጽፎታል።

አንዲት ፊደል ለወጠች። ስልኩ ተከፈተ።

ከበሮውን በእጇ አስቆመችው። አሁን የሚሰማ ነገር የለም፤ የሚታይ እንጂ። ስልኳን ከትልቁ ስክሪን ጋር አገናኘችው። ስክሪኑ ላይ ሦስት መጫኛዎች ነበሩ፤ ቀን ለውጥ፣ ሁሉንም አውጣ፣ ባለቤትነትን ለዘላለም ሻር። የመጀመሪያውን ተጫነች፤ ዓመቱን 2025፣ ሰዓቱን ፀሐይ መጥለቂያ አደረገች። እኛም በአንድ ድምፅ ቁጥሮቹን ጮክ ብለን አነበብንላት፤ ትዕዛዝ ሳይሰጠን።

ሉአንግ ፖ ሦስተኛውን መጫኛ በመነጽራቸው ሥር እያዩ፣ ይህ ከመጀመሪያው ነበረ ወይ ብለው ባንክን ጠየቁት። ነበረ። ታዲያ ያን ሁሉ እንጨት ለምን አነደድን?

«ሕዝቡ ጭስ ካላየ አያምንም ብዬ ነው፣ ሉአንግ ፖ» አለ ባንክ ከተንበረከከበት።

የባይቶይ አውራ ጣት ስክሪኑ ላይ ገዝፎ ይታይ ነበር። መንገዷ በሁለተኛው መጫኛ አጠገብ ያልፋል። ገበያው ሁሉ የዚያን ገንዘብ መጠን ያውቃል፤ ሱቅ ይገዛል፣ ከዚህች ከተማ ያወጣል፣ አክስትን ከጢስ ያሳርፋል። ፓ ቡንሉአን አላየችም፤ ጀርባዋን ለስክሪኑ ሰጥታ እኛን ነበር የምታየው፣ ፊታችን ላይ ልታነብ። አውራ ጣቱ ወረደ፣ አለፈ፣ ሦስተኛው ላይ ቆመ፣ ተጫነ።

ባለቤት፦ የለም።

ከዚያ በኋላ ማንም እጁን አልሰነዘረም፤ ሊሰነዝርበት የሚችል ነገርም አልነበረም። ፀሐይዋ ጠለቀች። ማኅተሙ ተወለደ። ግቢው ሙሉ ስልኩን መዳፉ ላይ አድርጎ፣ እንደ ጸሎት፣ ጠበቀ።

አውራ ዶሮው የጮኸው ከፊተኛው ረድፍ ነው። ከሲያ ሄንግ የሸሚዝ ኪስ።

አንድ ቁጥር ገዝቶ ነበር፤ ውስጣችንን ለመሰለል። ተነሥቶ፣ ከልማድ የተነሣ ይመስለኛል፣ «ተጭበርብሯል» አለ። ዶሮው ጮኸ። ወር ሙሉ ያለው ነገር አፉ ላይ እንደቀረ፣ በዙሪያው ያለነውን ሁላችንን አየ። ካመነ አሸንፏል፤ ካላመነ ገንዘቡ የሱ አይደለም።

«ተጭበርብሯል ካልክ» አለች ፓ ቡንሉአን፣ የዶሮዋን መጥበሻ እያራገበች፣ «አንተ ፊት ዕጣውን እንድገመው።»

ሲያ ሄንግ የሚጮኸውን ኪሱን ዳሰሰ። ከዚያ ኪሱን ደፍኖ፣ ቀስ ብሎ፣ ጨዋታው ንጹሕ መሆኑን በሁላችን ፊት መሰከረ። ከኪሱ ዶሮው ደገመለት።

የዚያን ዕለት ብዙዎቻችን ተበሳጭተን ተኛን፤ አንድም ሰው ግን ተሰርቆ አልተኛም። ባንክ ንቅሳቱ ላይ ሌላ ሊያስነቅስበት ፈልጎ ነበር፤ ፓ ቡንሉአን ከለከለችው፤ ዋጋ የለውም ብላ፣ አሁንም ግን ቁጥር ከመግዛቷ በፊት በመዳፏ ታሻሸዋለች። የጣሪያው ሥራም ተጀምሯል። ተቋራጩ በር ላይ «በ2569 ይጠናቀቃል» የሚል ሰሌዳ ሰቅሏል፤ ፓ ቡንሉአን ጋሪዋን እየገፋች ስታልፍ በየማለዳው ቆም ትልና ትጠይቀዋለች፦ በየትኛው?